ቪኤም ውስጥ ሰዓት ማንበብ ሌላ፣ አላርም መሙላት ሌላ

ወንድሜ፣ «ኬቪኤም ላይ ያለው የፖስትግሬስ ቪኤማችን ሲፒዩ ይበላል፤ ክሎክሶርሱ ኤችፔት ነው፤ ወደ ቲኤስሲ ብቀይረው ለውጥ ይኖራል?» ብለህ ጠይቀሃል። ይኖራል፣ ያውም ትልቅ። ለማያውቅ፦ ቪኤም በሌላ ኮምፒውተር (ሆስት) ውስጥ የሚሠራ ምናባዊ ኮምፒውተር ነው፤ ኬቪኤም ሊኑክስ ውስጥ ቪኤም የሚያሠራው ክፍል፣ ፖስትግሬስ ዳታቤዝ፣ ክሎክሶርስ ደግሞ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ሰዓት የሚያነብበት ምንጭ ነው።

ቪኤም ውስጥ የምታየው ኤችፔት (ከሲፒዩው ውጭ ያለ የሰዓት ቆጣሪ) እውነተኛ ቺፕ አይደለም፤ ኪውኢሙ የተባለው፣ ሆስቱ ላይ የሚሠራ ሶፍትዌር የሚያስመስለው ነው። ፖስትግሬስ ሰዓት በጠየቀ ቁጥር ቪኤሙ ሥራውን አቋርጦ ወደ ሆስቱ ይወጣል፣ ኪውኢሙ መልሱን እስኪሰጠው ይጠብቃል። ቲኤስሲ ግን ሲፒዩው ውስጥ ያለ ቆጣሪ ነው። በቪዲኤስኦ (ከርነሉ ለፕሮግራሞች በሚያጋራው ኮድ) በኩል ስለሚነበብ ከርነል ውስጥ መግባት እንኳ አያስፈልግም።

እኔ ባየሁት ልዩነቱ አፍጥጦ የሚወጣው ኤክስፕሌይን አናላይዝ (ኩዌሪ የፈጀውን ጊዜ የሚለካው የፖስትግሬስ ትእዛዝ) ላይ ነው። ለየረድፉ ሰዓት ስለሚያነብ ጤነኛ ኩዌሪ የታመመ ይመስላል፤ ሰው ኢንዴክስ ሲቀያይር ይውላል። ከፖስትግሬስ ጋር የሚመጣውን፣ ሰዓት ማንበብ የሚፈጀውን ጊዜ የሚለካውን ፒጂ ቴስት ታይሚንግ ከለውጡ በፊትና በኋላ አስኪደው።

አላርም መሙላት (ከጊዜ በኋላ እንዲቀሰቅስ ታይመር ማዘጋጀት) ላይ ግን ብዙ አትጠብቅ። ቲኤስሲ ዴድላይን (ቲኤስሲ የተወሰነ ቁጥር ላይ ሲደርስ የሚቀሰቅስ ታይመር) ብትጠቀምም ቪኤሙ ታይመሩን በሞላ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሆስቱ መውጣቱ አይቀርም። ከሊኑክስ 4.8 ጀምሮ ኬቪኤም የኢንቴልን ፕሪኤምፕሽን ታይመር (ጊዜው ሲደርስ ቪኤሙን የሚያቋርጥ የሲፒዩ ታይመር) ስለሚጠቀም ሆስቱ ላይ የሶፍትዌር ታይመር የማዘጋጀቱ ወጪ ቀርቷል፤ መልካም ነው። ሆኖም ይህ ታይመር የሚቆጥረው ቪሲፒዩው (የቪኤሙ ምናባዊ ሲፒዩ) እየሠራ ሳለ ብቻ ነው። ቪሲፒዩው ሲተኛ ኬቪኤም ወደ ሶፍትዌሩ ይመለሳል። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ተኝቶ የሚነቃ ሰርቨር ከዚህ የሚያገኘው ጥቅም ትንሽ ነው።

ቪኤሙን እየሠራ ሳለ ከሆስት ወደ ሆስት የምታዛውር ከሆነ ምክሬ ይለያል። የሆስቶቹ የቲኤስሲ ፍጥነት ከተለያየና ሲፒዩዎቹ ቲኤስሲ ስኬሊንግ (የፍጥነት ልዩነቱን የማመጣጠን ችሎታ) ከሌላቸው፣ ቪኤሙ ቲኤስሲውን በቀጥታ ሲያነብ ሰዓቱ ይዛባል። እዚያ ላይ ኬቪኤም ክሎክ የተባለውን ክሎክሶርስ እመርጣለሁ፤ እሱም ቲኤስሲን ነው የሚያነበው፣ ማስተካከያውን ግን ከሆስቱ ይቀበላል። ትንሽ ቢዘገይም ከኤችፔት ጋር አይወዳደርም።

ከሁሉ በፊት ግን የከርነሉን የቡት መልእክት አንብብ። ከርነሉ ራሱ ቲኤስሲን «አይታመንም» ብሎ ጥሎት ወደ ኤችፔት ሄዶ ከሆነ፣ በግድ አትመልሰው፤ ወደ ኋላ የሚሄድ ሰዓት ለዳታቤዝ ከዘገየ ሰዓት የከፋ ነው። ምክንያቱን ሆስቱ ላይ ፈልግ። መልእክቱ ንጹሕ ከሆነ ሊብቨርት (ቪኤሞችን ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር) ላይ ኤችፔትን አጥፋውና ቪኤሙን ዘግተህ እንደገና አስነሳው፤ ውስጡ ሆኖ ሪቡት ማድረግ ብቻ አይበቃም።