ከጨጓራ ቅነሳ በኋላ እንጀራ ደረቷ ላይ ለቆመባት የጎንደር እህት

ሰላም እህቴ፣ እንኳን በሰላም ወጣሽ። ጥያቄሽን ላላነበበ ሰው ባጭሩ ልድገመው፦ አዲስ አበባ ስሊቭ የሚባለውን የጨጓራ ቅነሳ ተሠርተሽ ጎንደር ተመልሰሻል፤ ዛሬ ከቀዶ ሕክምናው 24ኛ ቀንሽ ነው። ትናንት በሽሮ ሁለት ጉርሻ እንጀራ ብትቀምሺ ደረትሽ ላይ ቆሞ ነጭ አረፋ አስመለሰሽ። ስትነሺ ያዞርሻል፣ የግፊት ክኒንሽን እንደ ድሮው ትወስጃለሽ፣ ቤተሰብ ገንፎ ካልበላሽ እያለ ነው፣ ሁዳዴም እየመጣ ነው። የጠየቅሽው ስለ እንጀራና ስለ ጾም ቢሆንም እኔን ከሁሉ በፊት ያሳሰበኝ ማዞሩ ነውና ከሱ ልጀምር።

በዚህ ጊዜ ስትነሺ የሚያዞርሽ አብዛኛውን ጊዜ ምግብ አንሶሽ ሳይሆን ውኃ አንሶሽ ነው። በቀን ቢያንስ 1.5 ሊትር ፈሳሽ ያስፈልግሻል። እንደ ድሮው አንድ ብርጭቆ ግጥም አድርጎ መጠጣት ስለማይቻል ሰው ሳይታወቀው ግማሽ ሊትር ላይ ይቀራል። መለኪያሽ የቡና ሲኒ ይሁን። ከፋርማሲ 10 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ስሪንጅ ግዢና ያለ መርፌው ሲኒሽን ለኪው፤ ብዙው ሲኒ ከ60 እስከ 80 ሚሊ ሊትር ይይዛል። የአንቺ 75 ከሆነ 1.5 ሊትር ማለት 20 ሲኒ ነው፤ በየግማሽ ሰዓቱ አንድ፣ እሱም በትንሽ በትንሹ እየተጎነጨ። ወተትም፣ የተጠለለ መረቅም፣ ስኳር የሌለው ቀጭን ሻይም ይቆጠራል። ለስላሳና አምቦ ውኃ ጋዙ ስለሚነፋሽ ተያቸው። ሽንትሽ ፈዛዛ ቢጫ ከሆነ በቂ ጠጥተሻል፤ ከጠቆረ ወይም ቀኑን ሙሉ አንዴ ሁለቴ ብቻ ከሸናሽ ገና ይቀርሻል።

የግፊት ክኒኑ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። ክብደት መውረድ ሲጀምርና ምግቡ ሲያንስ ግፊት በራሱ ይወርዳል፤ የድሮው መጠን ያኔ ይበዛብሻል። በተለይ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚባለው የሚያሸናው ዓይነት ያለችሽን ውኃ ይጨርሳል፤ ኢናላፕሪል የሚባለው የግፊት ክኒንም ሰውነት ውኃ ባጣበት ሰዓት ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል። በራስሽ አታቁሚው። ዛሬውኑ ተቀምጠሽም ቆመሽም ተለኪና ቁጥሩን ይዘሽ ሐኪም ጋ ሂጂ። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ይህን ካነበበ የሱ ይበልጥ ያስቸኩላል፤ ግሊቤንክላሚድና ኢንሱሊን ምግብ ባነሰበት ሰውነት ላይ ስኳርን ድንገት ይጥላሉ።

ወደ እንጀራው ልምጣ። ስሊቭ ሲሠራ ከጨጓራው ከ75 እስከ 80 በመቶው ተቆርጦ ይወጣና የቀረው ቀጭን ቱቦ ይሆናል። የተሰፋበት መስመር ገና እያገገመ ነው፣ እብጠቱም ሙሉ በሙሉ አልጎደለም። እንጀራ አፍ ውስጥ የላመች ትመስላለች እንጂ ከምራቅ ጋር ስትገናኝ ተመልሳ ሊጥ ትሆንና ተጠቅልላ ጠባቡ ቦታ ላይ ትቀመጣለች። ለስላሳ ዳቦ፣ ሩዝና ፓስታም እንዲሁ ናቸው። ነጩ አረፋ የራስሽ ምራቅ ነው፤ መንገዱ ሲዘጋ ምራቁ ይከማቻል። እንዲህ ሲቆምብሽ ውኃ አትጨምሪበት፣ መውረጃ የለውምና ሕመሙን ብቻ ያባብሰዋል። ኮካ ያወርደዋል የሚልሽንም አትስሚ። ቁሚ፣ ቤት ውስጥ ቀስ ብለሽ ተራመጂ፣ ራሱ እስኪወርድ ወይም እስኪወጣ ጠብቂ። ከዚያ በኋላ ለ24 ሰዓት ፈሳሽ ብቻ፤ የተቆጣው ቦታ ይረፍ።

ማስመለስ የቀዶ ሕክምናው ባሕርይ ነው፣ ይለመዳል የሚሉሽ አሉ። አይለመድም። ቶሎ ተበልቶ፣ በዝቶ፣ በደንብ ሳይታኘክ ወይም ከውኃ ጋር ተበልቶ እንደሆነ ምክንያቱ ይገኛል። ፈሳሽ ራሱ አልወርድ ካለ ግን ቱቦው ጠቦ ሊሆን ይችላል፣ ያ በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ) ታይቶ የሚታከም ነው። ለ24 ሰዓት ውኃ አልረጋ ካለሽ ወደ ሆስፒታል ሂጂ። እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ፤ እንደኛ አገር ልማድ የሚያስመልስ ሰው ሲመጣ የመጀመሪያው ነገር ግሉኮስ መስቀል ነው። ሰውነት የሚያስቀምጠው ቫይታሚን ቢ1 (ታያሚን) ለጥቂት ሳምንት ብቻ የሚበቃ ነው፤ አንቺ ደግሞ ሳምንታት ሙሉ ትንሽ ነው የበላሽው። ቢ1 ባለቀበት ሰውነት ግሉኮስ ሲገባ ያለችውን ጠብታ ጨርሶ አንጎልን ይጎዳል። ነገር ሁለት ሁለት ሆኖ መታየት፣ እንደ ሰከረ መንገዳገድ፣ መቀባዠር ይመጣል፤ ከዘገየ ሳይድን የሚቀር ጉዳት ነው። ስለዚህ ገና በሩ ላይ፣ "የጨጓራ ቅነሳ ተሠርቻለሁ፣ ከግሉኮስ በፊት ታያሚን ይሰጠኝ" በይ፤ አስታማሚሽም ይህን ይያዝ። ባዶው ሳላይን ችግር የለውም።

የልብ ትርታሽንም መቁጠር ልመጂ። አርፈሽ ተቀምጠሽ በደቂቃ ከ120 በላይ ከሆነ፣ ትኩሳት ከያዘሽ፣ ሆድሽ ወይም ግራ ትከሻሽ ላይ አዲስ ሕመም ከተሰማሽ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠረሽ ስፌቱ አፍስሶ ሊሆን ይችላል። ያ እስከ ነገ አይቆይም፣ በዚያው ሰዓት ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። የአዲስ አበባውን የቀዶ ሕክምና ወረቀት ፎቶ ስልክሽ ላይ ያዢ፤ ምን ዓይነት ቀዶ ሕክምና መቼ እንደተሠራ ሐኪሙ በግምት እንዳይሠራ።

አሁን ያለሽበት አራተኛ ሳምንት የተፈጨ ምግብ ጊዜ ነው። ሐኪምሽ የጻፈልሽ የተለየ ቀን ካለ የሱን ያዢ። በብዛት የሚሠራበት እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ፈሳሽ፣ ሦስተኛና አራተኛው የተፈጨ፣ አምስተኛና ስድስተኛው ለስላሳ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ እንደማንኛውም ሰው። ግብሽ በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን ነው። ይህ ሲጎድል ጡንቻ ይሟሽሻል፣ ቁስል ይዘገያል። (ከሦስተኛው ወር በኋላ የሚመጣው የፀጉር መነቃቀል ግን ፕሮቲን ያሟሉትንም ይነካል፤ ተመልሶ ይበቅላል።)

60 ግራም ጎንደር ላይ እንዴት ይሞላል? ግማሽ ሊትር ወተት ወደ 16 ግራም አለው፤ ቀኑን ሙሉ የምትጎነጪው እሱ ይሁን፣ በደንብ የፈላ። አራት የሾርባ ማንኪያ የዱቄት ወተት ብትበጠብጪበት ሌላ 8 ወይም 9 ይጨምራል። ወተቱ ሆድሽን ከነፋው እርጎ ይተካዋል። ሁለት እንቁላል፣ ለስላሳ ተደርጎ የተመታ፣ 12 ግራም፤ ግን አንዱን ጠዋት ሌላውን ማታ። አራት ማንኪያ አይብ በእርጎ ላልቶ 8 ግራም ገደማ። ከጎርጎራ የመጣ ቆሮሶ ዓሣ ካገኘሽ ቀቅለሽ፣ እሾሁን በጣትሽ ሁለት ጊዜ ፈትሸሽ፣ በመረቁ ፈጭተሽ 60 ግራም ያህሉ 12 ግራም ነው። ከበርበሬ ነጻ የሆነ ነጭ ሽሮ ከሁለት ማንኪያ ዱቄት ሲሠራ 4 ግራም። ይህ ተደምሮ 60 ይሞላል። አየሽ፣ ሽሮው ከሁሉም ትንሹን ነው የሰጠው፤ ይህን ለጾሙ ጉዳይ ያዢው።

እያንዳንዱ ምግብ ከአንድ ሲኒ አይለፍ፣ በቀን አምስት ጊዜ። በሻይ ማንኪያ፣ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ወስደሽ ብይ። ከምግቡ 15 ደቂቃ በፊት ጀምሮ እስከ 30 ደቂቃ በኋላ ውኃ የለም። ማቆሚያሽ ጥጋብ አይደለም፤ ደረትሽ መሐል ጫን ሲልሽ፣ ሥቅታ ሲመጣ ወይም አፍንጫሽ ሲፈስ አንድ ማንኪያ እንኳ ብትቀር ተያት። እናትሽ ፊት ለፊት ተቀምጣ "እቺን ብቻ" ስትል ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን እቺ ብቻዋን ነች የምታስመልስሽ።

ገንፎውን በተመለከተ ቤተሰብሽ እንደ አራስ ሊያርሱሽ ነው የፈለጉት፤ ፍቅር ነው፣ ግን ለዚህ አይሆንም። ገንፎ ከእንጀራ ይልቅ ይጣበቃል። በቅቤና በስኳር የተሠራው አጥሚት ደግሞ ተቃራኒ ችግር አለው፦ ሳያስቸግር ሽው ብሎ ይወርዳል፣ አያጠግብም፣ ካሎሪው ብዙ ፕሮቲኑ ግን ጥቂት ነው። ከዓመት በኋላ ክብደታቸው የሚመለስባቸው ሰዎች ብዙዎቹ የሚመለስባቸው በእንዲህ ዓይነቱ ነው፤ ብስኩት፣ ማር፣ ጁስ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ። ስኳር ባንዴ ሲገባ ላብ፣ የልብ ምት፣ ቁርጠትና ተቅማጥ ሊያስነሳም ይችላል፤ ባይፓስ የሚባለው ሌላው ዓይነት የጨጓራ ቅነሳ የተሠራ ሰው ላይ ይበረታል። ቤት ያለው ሰው አጥሚት መሥራት ካማረው በወተት፣ ቀጭን ተደርጎ፣ ያለ ስኳር ይሥራው፤ እሱን ጠጪላቸው።

እንጀራ ከስምንተኛው ሳምንት በፊት ባትሞክሪው እመክራለሁ። ስትጀምሪ ፕሮቲኑን መጀመሪያ ጨርሺ፤ ከዚያ ስስ እንጀራ፣ የመዳፍሽን ግማሽ የምታህል፣ በጥፍር መጠን እየቆረስሽ፣ እያንዳንዷን ሃያ ሠላሳ ጊዜ አኝኪ። ንጹሕ ጤፍ ይሁን ዳጉሳ የተቀላቀለበት ለውጡ ትንሽ ነው፤ መጠኑና ማኘኩ ነው የሚወስነው። ምጣድ ላይ ደረቅ ያለችው ከእርጥቧ ትሻላለች፣ ስትታኘክ ትፈረካከሳለችና። ፍትፍት የሚያታልል ምግብ ነው፤ ይወርዳል፣ ቦታውን ይሞላል፣ ለሥጋውና ለእንቁላሉ ግን አያስተርፍም። ሰው ቤት ስትሄጂ ጉርሻን በግልጽ እምቢ በይ፤ ጉርሻ በአጉራሹ እጅ መጠን እንጂ በአንቺ ጨጓራ መጠን አይጠቀለልም።

ጾሙን ለሁለት ከፍለሽ እዪው። አንደኛው ሰዓቱ ነው። እስከ 9 ሰዓት ምንም ሳይቀመስ ከዋለ እስከ ማታ 4 ሰዓት ሰባት ሰዓት ነው የሚቀርሽ። ሦስት ጊዜ ብትበዪ፣ ውኃ የማይጠጣበት ጊዜ ተደምሮ አራት ሰዓት ገደማ ይሄዳል። በቀረው ሦስት ሰዓት ስድስት ሰባት ሲኒ ነው የምትጠጪው፣ ወደ ግማሽ ሊትር። ማዞሩ ዛሬ ያለው በውኃ ማነስ ሆኖ ሳለ ይህ አይታሰብም። ሁለተኛው ምግቡ ነው። የተቀቀለ ምስር በ100 ግራም 9 ግራም ፕሮቲን አለው፤ 60 ለመሙላት ከ650 ግራም በላይ መብላት ይጠይቃል፣ አንቺ ደግሞ በአንድ ጊዜ ከሲኒ አታልፊም። የአኩሪ አተር ዱቄት ይሻላል፣ ብቻውን ግን አይሞላውም። ስለዚህ ይህን ሁዳዴ ተዪው ባይ ነኝ። የሐኪሙን ወረቀት ይዘሽ ለንስሐ አባትሽ አስረጂ፤ የሕመምተኛ ነገር ለሳቸው አዲስ አይደለም። ከዓመት በኋላ፣ ደምሽ ታይቶ፣ ሰዓቱን ሳይጠብቁ የጾም ምግብ መብላት ይሞከራል። ጸበልም በሊትር በባዶ ሆድ አይጠጣም፤ በሲኒ እየተጎነጨ ይሆናል።

ቫይታሚኑ ዕድሜ ልክ ነው። መልቲቫይታሚን በየቀኑ፤ የወር አበባ ስለምታዪ ብረት ከ45 እስከ 60 ሚሊ ግራም፣ ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው የብረትና ፎሊክ ክኒን 60 አለው። ካልሲየም 500 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ሦስቴ ተከፋፍሎ፣ ከብረቱ ሁለት ሰዓት ተራርቆ። ቢ12 በየወሩ 1000 ማይክሮ ግራም መርፌ ወይም በየቀኑ ክኒን፤ ቫይታሚን ዲም አትርሺ። ብረት ከቡናና ከሻይ ጋር ከተዋጠ አብዛኛው ይባክናል። ቡና ወር ካለፈ በኋላ አቦሏን ብቻ፣ ያለ ፈንዲሻና ቆሎ። ጠላና አረቄ እርሺ፤ አልኮል አሁን ቶሎ ደም ውስጥ ይገባል። ደምሽን በ3፣ በ6 እና በ12 ወር ታዪ፣ ከዚያ በየዓመቱ።

እስከ ስድስተኛው ሳምንት ከ5 ኪሎ በላይ አታንሺ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው፤ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህን የሚያነሳልሽ ሰው ቀድመሽ ያዢ። በየቀኑ ተራመጂ፣ ዳገቱን ቀስ እያልሽ። ለክትትል አዲስ አበባ በመኪና ከሄድሽ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ቁጭ ማለት እግር ውስጥ ደም ያረጋል፤ በየሁለት ሰዓቱ ውረጂ። አንዱ ባትሽ ካበጠና ካመመሽ በቶሎ ታዪ።

ለራስ ምታት ፓራሲታሞል ብቻ። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ጨጓራን ያቆስላሉ፤ ፋርማሲም ክሊኒክም መርፌ ሊወጉሽ ሲሉ መጀመሪያ ስሙን ጠይቂ። ባለ ትዳር ከሆንሽ ደግሞ ቀዶ ሕክምናው ከተሠራ 12 እስከ 18 ወር እስኪሞላ እርግዝና አይመከርም። ክብደት ሲወርድ ወር አበባ ይስተካከላል፣ ለዓመታት አልወልድ ያለችም ሳታስበው ታረግዛለች። የሚዋጠው መከላከያ ካስመለሰሽ አይታመንም፤ ክንድ ላይ የሚቀበረው ወይም ማሕፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፕ ይሻላል፣ ሁለቱም ጤና ጣቢያ ይገኛሉ።