የቅድመ አያቶቻችን መቃብር ሊታረስ ነው፣ ምን እናድርግ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። እኔ ኮምቦልቻ ነው የምኖረው፣ ቤተሰቦቼ ግን የቃሉ ገጠር ሰዎች ናቸው። ቅድመ አያታችን ያን አካባቢ መጀመሪያ ያቀኑ ናቸው ይባላል፣ እሳቸውም ልጆቻቸውም አንድ ትልቅ ወይራ ስር ነው የተቀበሩት። አሁን የድንጋይ ክምር ብቻ ነው የቀረው፣ አጠገቡ ያለው ገበሬም በየዓመቱ ማረሻውን እያስጠጋ ነው። አዋጥተን በሲሚንቶ ልናሰራው አስበናል፣ ግን ቤተሰቡ ግማሹ ሙስሊም ግማሹ ክርስቲያን ስለሆነ የቱ የማን እንደሆነ እንኳ አናውቅም።

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ ሲሚንቶውን ግን ለጊዜው ተይው። በደረቅ ድንጋይና በጭቃ የተካበ ነገር ላይ ሲሚንቶ ስትለስኚበት በስንጥቁ የገባው የክረምት ውሃ መውጫ ያጣና ከውስጥ ይፈረካክሰዋል፣ በሙስሊሙ በኩልም መቃብር መለሰን የማይወደድ ስለሆነ ዘመድ ከዘመድ ታጣያላችሁ።

የማን እንደሆነ ለመለየት አንዳንዱ ሰው አቅጣጫውን እይ ይላል። ወሎ ላይ ይሄ ብዙም አይሰራም፣ ምክንያቱም መካ ከኛ ቀጥ ብላ ወደ ሰሜን ነው ያለችው፣ ሙስሊሙ በቀኝ ጎኑ ፊቱን ወደ ቂብላ አድርጎ ሲጋደም መቃብሩ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይሆናል፣ ክርስቲያኑም ምሥራቅን እንዲያይ ራስጌው ወደ ምዕራብ ነው የሚሆነው፣ ስለዚህ ከላይ ስታዪው የሁለቱም አንድ ነው። የሚለየው ራስጌው በየት በኩል ነው የሚለው ብቻ ነው፣ ለሱ ብሎ ደግሞ የሚቆፍር የለም መቼስ!

የሚያውቁት ሽማግሌዎቹ ናቸው፣ ድንጋዩ ገና ብዙ ይቆያል እነሱ ግን አይቆዩም። የቅሬውን (የመንደሩን ዕድር) ዳኛና አንድ ሁለት አሮጊቶች ይዘሽ ቦታው ድረስ ሂጂ፣ እያንዳንዱን ክምር እያሳዩ ሲናገሩ በስልክሽ ቅረጪ፣ ሎኬሽኑንም ያዢ። በስንት ዓመተ ምሕረት ሞቱ ብትያቸው መልስ አታገኚም፣ ከሰገሌ ጦርነት በፊት ነው በኋላ፣ ጣሊያን ሲገባ ነበሩ ወይ፣ የ66ቱን ድርቅ አይተዋል ወይ እያልሽ ጠይቂ። ሰገሌ 1909 ስለሆነ ከዛ ተነስተሽ ትገምቻለሽ። የተጻፈበት ድንጋይ ካለ ፎቶውን ጠዋት ፀሐይ በጎን ስትመታው አንሺ፣ ፊደሉ ጎልቶ ይወጣል፣ በበረኪናና በሽቦ ብሩሽ ግን እንዳትነኩት፣ ጽሑፉን ይዞት ነው የሚሄደው። የጻፍሽውን አንድ ኮፒ ለቅሬው ስጪ። ስትጠርጉ የድሮ ዕቃ ምናምን ከወጣም ባለበት ትታችሁ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ተናገሩ፣ የቅርስ አዋጁ፣ አዋጅ 209/1992፣ የሚያዘው እንደዛ ነው።

ገበሬውን በክስ አትጀምሩት። መጀመሪያ ቦታው በሱ የይዞታ ደብተር ውስጥ ነው ወይስ የወል መሬት የሚለውን ከቀበሌው መሬት አስተዳደር ኮሚቴ አጣሩ፣ ከዛ በሽማግሌ ፊት ድንበር ድንጋይ ትከሉ፣ የተስማማችሁትንም ቃለ ጉባኤ ያዙበት። ለአጥር ቆርቆሮና ሽቦ አያስፈልግም፣ ሽቦው በሳምንቱ ይሰረቃል፣ ዙሪያውን እሬት ብትተክሉበት ይሻላል፣ ከብት አይበላው ሥሩም ድንጋይ አይገለብጥ። ባሕር ዛፍ ግን በጭራሽ እንዳታስጠጉ፣ ወይራውንም ማንም እንዳይነካው ቃለ ጉባኤው ላይ አስገቡት።