መልስ፦ በኮሮናው ገደብ ወቅት የእናትዎ የነርቭ ሕመም ስለምን ባሰ?

ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር አዘዞ የሚኖሩት እናትዎ ከስኳር በሽታ የመጣው የእግራቸው ማቃጠል በኮሮናው ጊዜ እንደባሰባቸው ገልጸው፣ ምክንያቱ ቤት መዋል ነው ወይስ በሽታው ራሱ ገፍቶ ነው ብለው ጠይቀዋል። ሳይመረመሩ ቁርጡን መናገር ባይቻልም፣ ገደቡ ብቻውን ሕመሙን ሊያባብስ ይችላል።

መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ታክሲዎች በግማሽ እንዲጭኑ ሲደረግ፣ ከአዘዞ ፒያሳ ድረስ ለክትትል መመላለስ ለታማሚ ቀላል አልነበረም። ቀጠሮ ሲያልፍ ደግሞ መድኃኒት ያልቃል፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ለነርቭ ሕመም የሚታዘዙትን ጋባፔንቲን ወይም አሚትሪፕቲሊን ሲወስድ የቆየ ሰው በድንገት ሲያቋርጥ ሕመሙ ከማገርሸቱም በላይ እንቅልፍ ማጣትና ጭንቀት ሊከተሉ ስለሚችሉ፣ ቤተሰቡ በሽታው የገፋ ይመስለዋል። ስለዚህ በዚያን ጊዜ ክኒኑን ሳያቆራርጡ ወስደው እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቋቸው (እናቶቻችን ልጅ ላለማስቸገር ሲሉ መድኃኒት እየቆጠቡ መዋጣቸውን በቀላሉ አይናገሩም)።

ቤተ ክርስቲያን መሳለሙና ገበያ መውጣቱ ሲቀር እንቅስቃሴ ይቀንሳል፣ ስኳሩም ከፍ ሊል ይችላል። አሁን የሦስት ወሩን አማካይ የስኳር መጠን ቢያስመረምሯቸው መልካም ነው። ማታ ማታ በጣቶቻቸው መካከልና በውስጥ እግራቸው ቁስል መኖር አለመኖሩን ይመልከቱላቸው። የደነዘዘ እግር የውጭ ሙቀት ቢያቃጥለው ስለማይሰማው፣ በጎንደር ብርድ እግራቸውን ከከሰል ምድጃ አጠገብ እንዳያሞቁ ወይም ሙቀቱ ባልተለካ ውኃ እንዳይዘፈዝፉ አደራ።