«ተገለጸ»፦ ማነው የገለጸው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አባቴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ዜና ላይ «ተገለጸ» የሚል ቃል በሰሙ ቁጥር «ማነው የገለጸው?» እያሉ ከሬዲዮው ጋር ይጨቃጨቃሉ። እኔ ደግሞ «የዜና ቋንቋ ነው፣ ምን ችግር አለው» እላለሁ። ጋዜጠኞች ይህን ቃል ለምን ይወዱታል? ከ«ተባለ»ስ በምን ይለያል?
(ከአዳማ)

መልስ፦ ለአባትዎ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። እኔ ከእሳቸው ጋር ነኝ፤ ምንም እንኳ ዜና በምጽፍበት ዘመን ይህን ቃል በቀን አሥር ጊዜ ብጠቀምበትም።

መጋረጃ ይገለጣል፣ መጽሐፍ ይገለጣል። «ገለጸ» የዚሁ ቃል ዘመድ ነው፤ የተሸፈነን መክፈት። ስለዚህ አንድ ኃላፊ «ገለጹ» ሲባል፣ ነገሩ ድሮም እዚያ የነበረ እውነት፣ የእሳቸው ሥራ ክዳኑን ማንሳት ብቻ ይመስላል። ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። «ተባለ» ግን እንዲህ አያስመስልም። ሰው ብሏል፣ በቃ።

እነዚህን ሦስቱን ጮክ ብለው ያንብቧቸው። «መንገዱ ተጠናቋል ሲሉ ኃላፊው ተናገሩ።» «ኃላፊው መንገዱ መጠናቀቁን ገለጹ።» «መንገዱ መጠናቀቁ ተገለጸ።» በመጀመሪያው ቃሉ ገና ኃላፊው አፍ ውስጥ ነው። በሁለተኛው «መጠናቀቁን» ስንል መንገዱ በእኛም ዘንድ አለቀ። በሦስተኛው ኃላፊውም ጠፉ። ነገ በዚያ ሲያልፉ የጠጠር ክምር ብቻ ቢያገኙ ማንን ይጠይቃሉ?

ከዚህ የባሰም አለ። «ተከሳሹ መስረቁን ካደ» የሚል ዜና አንብበው ያውቃሉ? ሰውየው ያለው «አልሰረቅኩም» ነው። ጋዜጠኛው ግን «መስረቁን» ብሎ ስርቆቱን አጸደቀበት፣ «ካደ» ብሎ ደግሞ ውሸታም አደረገው። የ1987 ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ላይ እያለ እንደ ጥፋተኛ እንዳይቆጠር መብት ሰጥቶታል፤ እኛ ግን በሁለት ቃል ፈርደንበት ወደ ስፖርት ዜና እናልፋለን።

ታዲያ ለምን ዝም ብለን «አለ» አንልም? እውነቱን ለመናገር «አለ» በጽሑፍ አስቸጋሪ ነው። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። «ነጋዴው ስኳር አለ አለ» ብለው ይጻፉ፤ የመጀመሪያው ይጠብቃል፣ ሁለተኛው ይላላል፣ ዓይን ግን ሁለቱንም አንድ አድርጎ ነው የሚያየው። «አሉ»ም ቢሆን ለአክብሮትም ለሐሜትም ያገለግላል። «ሚኒስትሯ አሉ» እና «ልታገባ ነው አሉ» አንድ ቃል ናቸው። ስለዚህ ጋዜጠኛው ዘለግ፣ ከበድ ያለ ቃል ፍለጋ ይሄዳል። ይሁን፣ ግን «ተናገሩ» ምን አጠፋ?

ዋናው ምክንያት ሌላ ይመስለኛል። መሥሪያ ቤቶች የሚልኩልን ወረቀት ስሙ ማን ነው? መግለጫ! ሪፖርተሩ ሌላ ሰው ሳይጠይቅ፣ ቦታው ድረስ ሳይሄድ፣ መግለጫውን አሳጥሮ ሲገለብጥ መጨረሻው ላይ የሚመጣለት ቃል ያው «ገለጸ» ነው። መሥሪያ ቤቱ ስለ ራሱ ሥራ የሰጠውን ምስክርነት በራሱ በመሥሪያ ቤቱ ግሥ እንዘግበዋለን። የተናጋሪው ስም ካስፈራ ወይም ከተረሳ ደግሞ አንዲት «ተ» ከፊት ትገባና ሁሉም ይገላገላል።

ለፍርድ እንዳልቸኩል፣ ስም የማይነገርበት ጊዜ አለ። ሰውየው በተናገረው ምክንያት ከሥራው የሚባረር ከሆነ መደበቅ ግዴታ ነው። ግን ያኔም «ስማቸው እንዳይጠቀስ የጠየቁ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ» ማለት ይቻላል፤ አንባቢው ቢያንስ ወሬው ከየት በኩል እንደመጣ ያውቃል። ርዕስ ላይም «ተገለጸ» ለማሳጠር ሲባል ይታለፋል፤ ተናጋሪው ወዲያው ከሥሩ ከተጠቀሰ።

እንግዲህ አባትዎን በአንድ ነገር ብቻ ያስታግሷቸው፦ እስከ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ድረስ ይጠብቁ። ስሙ እዚያም ከሌለ ጭቅጭቁን ይቀጥሉ፣ እርስዎም ያግዟቸው።