የግቢ ቅጠል ማቃጠልና የጎረቤት ጭስ፦ ለኅዳር 12 ለጠየቅሽው

እህቴ፣ ሌሎችም እንዲከተሉን ጥያቄሽን ባጭሩ ልድገመው። ከመስቀል በኋላ የፈረንጅ ጽድ አጥርሽን አስከርክመሻል። እሱና የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ከተጠረገው ቅጠል ጋር ጥግ ላይ ተከምሯል፤ ለኅዳር ሚካኤል ልታቃጥይው አስበሻል። አምና ግን ጭሱ አጥር ተሻግሮ የጎረቤት ልብስ አበላሸ፣ አስም ያለባቸው እናት ሲያስላቸው አደሩ፣ ቅያሜም መጣ። ዘንድሮ እንዴት ላድርግ ነው ያልሽው።

ሰው የሚቀየመው በእሳቱ ሳይሆን በጭሱ ነው፤ ጭሱን የሚያበዙት ደግሞ እርጥበትና የአየር እጥረት ናቸው። እርጥብ እንጨት እሳት ውስጥ ሲገባ ሙቀቱ መጀመሪያ የሚያልቀው ውኃውን በማትነን ነው። ውኃው እስኪያልቅ እንጨቱ በደንብ አይግልም፣ ከውስጡ የሚወጣውም ጋዝ ሳይነድ ያመልጣል። አጥር ላይ ተኝቶ የሚውለው ያ ነጭ ወፍራም ጭስ እሱ ነው። ስለዚህ ዋናው ሥራ ክብሪት ከመጫሩ ከሳምንታት በፊት ነው የሚሠራው።

በጥቅምት የተቆረጠ ቅጠልና ቀጭን ጭራሮ ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ በየሦስት አራት ቀኑ ቢገለበጥ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ይደርቃል። ተከምሮ ከቆየ ግን ከላይ ይደርቅና ከሥር ይሻግታል፤ የብዙ ሰው ስሕተት እዚህ ጋ ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ቅጠሉን በመዳፍሽ ስትጨብጪው ተንኮሻኩሾ መሰባበር አለበት፣ የጣት ውፍረት ያለው ጭራሮም ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ መሰበር አለበት። ከተጣጠፈ ወይም ልጡ እየተላጠ ከመጣ ገና ነው። ከክንድ የወፈረ ግንድ በዚህ ጊዜ አይደርቅም፤ እሱን ለይተሽ አስፈልጪው፣ ከርሞ ለምጣድ ይሆናል። ጎረቤት ጠላ የሚጠምቅ ወይም እንጀራ የሚጋግር ካለ ደግሞ ፍልጡን መስጠት ከማንኛውም ይቅርታ ይበልጣል።

በነገራችን ላይ ሁሉም መቃጠል የለበትም። የታጨደ ሣርና ለስላሳ ቅጠል በቡናው፣ በጌሾውና በአቮካዶው ሥር ቢነጠፍ እርጥበት ይይዛል፤ ግንዱን ብቻ እንዳይነካ አንድ ስንዝር ያህል ራቅ ይበል። የባሕር ዛፍና የጽድ ቅጠል ግን ቅባት ስላለው ቶሎ አይበሰብስም፣ ለኮምፖስትም አይመችም፤ የሚቃጠለው በአብዛኛው እሱ ነው። ያ ቅባት ሁለት ጠባይ እንዳለው ልብ በይ፦ እርጥብ ሆኖ ከገባ ዓይን የሚያቃጥል ጭስ ይሰጣል፣ ደርቆ ከገባ ደግሞ ቦግ ብሎ ከሰው ቁመት በላይ ይነሣል። ስለዚህ ደርቆም ቢሆን በጥቂት በጥቂቱ ነው የሚጨመረው።

ፈጽሞ የማይገባውን ልንገርሽ። ፌስታል፣ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስ፣ ጎማ፣ ቀለም የተቀባ ጣውላ፣ የሕፃን ዳይፐር። ጭሳቸው መርዝ ነው፤ አመዱም ለጓሮ አይሆንም። ባትሪና የነፍሳት መግደያ ጣሳ እሳት ውስጥ ይፈነዳሉ፣ ስለዚህ የተጠረገውን ቆሻሻ በእጅ ሳትለዪ አትጨምሪ። ከዕፅዋት ደግሞ ቅንጭብና ቁልቋል ይውጡ፤ ወተታቸው ዓይን ይጎዳል፣ ጭሳቸውም እንደዚያው ይለበልባል። ብዙ አጥር ቅንጭብ ስለሆነ ሳይታወቅ ከቅርንጫፉ ጋር ተጠቅልሎ ይገባል።

ስለ ቦታው። ከቤት ግድግዳ፣ ከአጥር፣ ከዛፍ ጫፍና ከኤሌክትሪክ መስመር ቢያንስ 5 ሜትር ክፍት መሬት ያስፈልጋል። የቆርቆሮ አጥር አይነድም ተብሎ ይታለፋል፤ ከበስተኋላው ግን ቋሚውና ማገሩ ደረቅ ባሕር ዛፍ ነው፣ ቆርቆሮው ሲግል እሱ ይያያዛል። ሲሚንቶ ወለል ላይም አታንድጂ፤ ውስጡ የያዘው እርጥበት ሲተን እየፈነጠረ ይሰነጠቃል። የሴፕቲክ ታንክ ክዳንና ማስተንፈሻ አጠገብ በፍጹም አይሆንም፣ ከዚያ የሚወጣው ጋዝ ተቀጣጣይ ነው። የጋዝ ሲሊንደር በረንዳ ላይ ካለ ይራቅ። ግቢሽ 5 ሜትር ካልሰጠሽ እውነቱን ልንገርሽ፣ አታቃጥዪ፤ በማዳበሪያ ከረጢት ሞልተሽ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ አስረክቢ።

ጠባብ ግን የሚበቃ ቦታ ካለ በርሜል ይሻላል። 200 ሊትር የሚይዘውን ክዳኑን አስቆርጠሽ፣ ከሥሩና ከጎኑ ታች አውራ ጣት የሚያስገቡ 10 ወይም 12 ቀዳዳዎች አስበሺ፣ ሦስት ጉልቻ ላይ አስቀምጪው። አየር ከሥር ሲገባ እሳቱ ይግላል፣ ጭሱ ይቀንሳል። ነዳጅ ወይም ኬሚካል የነበረበት በርሜል ግን ሳይታጠብ በመፍጫም ሆነ በብየዳ አይነካ፤ ውስጡ የቀረው ትነት ይፈነዳል።

መሬት ላይ ካነደድሽ ደመራን አስቢ። ደመራ የሚነደው እንጨቱ ቆሞ ስለተደገፈና በመካከሉ አየር ስለሚያልፍ ነው። የቅጠል ክምር ግን ተኝቶ የተጠቀጠቀ ነው፣ ላዩን ለኩሰሽው ውስጡ ታፍኖ ቀኑን ሙሉ ሲጨስ ይውላል። ስለዚህ የቆየውን ክምር እዚያው ባለበት አታቀጣጥዪ። አጠገቡ ጭራሮ እንደ ደመራ አቁመሽ ትንሽ እሳት አንድደሽ፣ ከክምሩ እያነሣሽ መግቢው። ክምሩን ስታነሺ ሥሩ ግልገል የወለደች ድመት ወይም እንሽላሊት ካለ ያኔ ይታያል።

አመጋገቡ እንዲህ ነው። ወርዱም ከፍታውም ከ1 ሜትር አይለፍ። በወረቀትና በጭራሮ ጀምሪ፤ ቤንዚን አይነካ፣ ትነቱ ክብሪቱን ሳታስጠጊው ነው ፊት የሚያቃጥለው። መሐሉ ፍም እስኪይዝ ደረቅ እንጨት ብቻ ስጪው። ከዚያ ቅጠሉን አንድ መንሽ ጨምሪና ቁሚ፤ ነበልባሉ ከላይ ወጥቶ ሲታይ ሌላ መንሽ። ነጭ ጭስ ከወፈረ መጨመር አቁመሽ በመንሹ ከሥር ከፍ ከፍ አድርጊው፣ አየር ያግኝ። ጥቁር ጭስ ከወጣ ፕላስቲክ ወይም ጎማ ገብቷል፣ ፈልገሽ አውጪው። ከላይ አየሩ ሲርገበገብ ብቻ ከታየ፣ ጭሱም ከሞላ ጎደል ከጠፋ፣ ልክ ነሽ።

ሰዓቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው የሚመርጠው በጣም መጥፎውን ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ አየሩ ይረጋል፣ ለማቃጠል የሚመች ይመስላል። በኅዳርና በታኅሣሥ ግን ሌሊት መሬቱ ሲቀዘቅዝ ከመሬት አጠገብ ያለው አየርም አብሮ ይቀዘቅዛል፤ ከላዩ ሞቅ ያለው አየር እንደ አክንባሎ ይደፋበታል። ጭሱ መውጫ አጥቶ ሰፈሩ ውስጥ ያድራል፣ በመስኮትና በበር ሥር ይገባል፣ ጠዋት ፀሐይ መሬቱን እስክታሞቀው እዚያው ነው። ስለዚህ ከቀኑ 5 ሰዓት በኋላ ጀምረሽ 8 ሰዓት ላይ መጨመር አቁሚ። ከመጀመርሽ በፊት እፍኝ ጭድ ከፍ አድርገሽ ልቀቂ፤ ወደ ጎረቤት ኩሽናና መኝታ ቤት ከሄደ ለሌላ ቀን ይሁን። ቅጠል የሚያንቀሳቅስ ነፋስ ደህና ነው፤ አቧራ የሚያነሣ ከሆነ ተዪው።

ከአንድ ቀን በፊት ለጎረቤት መንገር የግድ ነው፣ በጭሱ አቅጣጫ ላሉት ብቻ ሳይሆን ለዙሪያው ሁሉ። ሄደሽ በአካል ንገሪ። ለእኒያ እናት እንዲህ ማለት ይበቃል፦ "እማማ፣ ነገ ከ5 እስከ 8 ሰዓት ትንሽ ቅጠል ላቃጥል ነበር፤ ይመችዎታል? ካልሆነ ቀኑን ልቀይር።" የመጨረሻዋን ከልብሽ ካላልሻት ግን መጠየቁ ይቅር። ሄደሽ ሳለ ዓይንሽን ጣል አድርጊ፦ አራስ አለ? የተሰጣ በርበሬ ወይም ድርቆሽ አለ? ልብስ የሚታጠበው በየትኛው ቀን ነው? ቅዳሜና እሑድን ማስወገድ ብቻውን ግማሹን ቅሬታ ያስቀራል። ሰፈሩ ውስጥ የለቅሶ ድንኳን ከተተከለ ደግሞ ጥያቄም የለውም፣ አይቃጠልም።

አሁን ወደ ኅዳር 12። ልማዱ የመጣው በ1911 ዓ.ም. በዓለም የስፓኒሽ ፍሉ የተባለው የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን ሲመታ ነው፤ ራስ ተፈሪም ታመው ድነዋል። ቆሻሻው ተቃጥሎ አየሩ ይጠራል ተብሎ ነው "ኅዳር ሲታጠን" የሚባለው። ዛሬ ግን ሁሉም በአንድ ጠዋት ሲያቃጥል ከተማው በጭስ ይሸፈናል፤ የከተማው አካባቢ ጥበቃም ከቅርብ ዓመታት ወዲህ እንዳይቃጠል ያሳስባል። በእኔ ግምት ለዕለቱ በማጨሻ ላይ ወይራና ዕጣን ይበቃል። ቅጠሉን፣ ወረዳው የሚፈቅድ ከሆነ፣ ከሳምንት በኋላ በሥራ ቀን አቃጥዪው።

ከመለኮስሽ በፊት ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ፣ አካፋና የተቆለለ አፈር አጠገብሽ ይሁኑ። ውኃ በፈረቃ ስለሆነ ቧንቧውን አትመኚ። የናይለን ልብስ አትልበሺ፣ ነጠላሽንም ቤት አስቀምጪው። እሳቱ ካመለጠ ለመታገል ሳትቆዪ 939 ደውዪ።

ስትጨርሺ "ቀስ እያለ ይለቅ" ብለሽ ቅጠል ከድነሽበት እንዳታድሪ፤ የሌሊቱ ጭስ ከቀኑ ይብሳል። ረመጡን በአካፋ በትነሽ ውኃ አፍስሺ፣ አገላብጪ፣ ደግመሽ አፍስሺ። ከዚያ የእጅሽን ጀርባ አስጠጊው፤ ሙቀት ከተሰማሽ አልጠፋም። ፍም አመድ ሥር ተሸፍኖ ቀናት ሊቆይ ስለሚችል አመዱን በፌስታል ወይም በካርቶን ሳይሆን በብረት ባልዲ አኑሪው። ንጹሕ የእንጨት አመድ ከሆነ ለጎመኑ መደብ በካሬ ሜትር አንድ እፍኝ በዓመት አንድ ጊዜ ይበቃል፤ ድንች የምትተክይበት ላይ ግን አትበትኚ፣ እከክ ያመጣበታል።