ከአንዲት አቶም እስከ ሱጋማዴክስ፦ የአኔስቴዥያ ተማሪዎች የጠየቁኝ

መምህር፣ የምንማረው ማደንዘዣ ነው። ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ለምን ያስፈልገናል?

በትንፋሽ የሚሰጡት ማደንዘዣዎች ሴቮፍሉሬን፣ አይሶፍሉሬንና ዴስፍሉሬን ሦስቱም ኢተር ናቸው፤ አንድ ኦክሲጅን ሁለት ካርቦኖችን ያገናኛል። ከአይሶፍሉሬን አንዲቷን ክሎሪን አንሥታችሁ በቦታዋ ፍሎሪን ብታስገቡ ዴስፍሉሬን ይሆናል። በዚያች አንዲት አቶም ምክንያት የሚፈላበት ሙቀት ከ48 ዲግሪ ገደማ ወደ 23 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። ዴስፍሉሬን ለብቻው የተሠራ፣ የሚሞቅ ቬፖራይዘር (ፈሳሹን ማደንዘዣ ወደ ትነት የሚለውጥ ዕቃ) የሚፈልገው ለዚህ ነው።

ኤስተርና አማይድ የሆኑ የአካባቢ ማደንዘዣዎች ይምታቱብኛል።

ስሙን በእንግሊዝኛ ጻፊው። «ኬይን» ከሚለው መጨረሻ በፊት «አይ» የተባለችው ፊደል ካለች አማይድ ነው፦ ሊዶኬይን፣ ቡፒቫኬይን። ከሌለች ኤስተር ነው፦ ፕሮኬይን፣ ቴትራኬይን። ይህ ግን የፈተና ብልሃት ብቻ ነው። ዋናው ነገር ኤስተሩን በደም ፕላዝማ ውስጥ ያለ ኮሊንኤስተሬዝ የተባለ ኢንዛይም ሲሰብረው፣ አማይዱ ግን የጉበትን ሥራ መጠበቁ ነው። ጉበቱ የታመመ ሰው ሲያጋጥምሽ ልዩነቱ ይገባሻል።

ግሉኮስ አንዳንዴ ሰንሰለት፣ አንዳንዴ ቀለበት ሆኖ ይሳላል። ትክክሉ የቱ ነው?

ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ውኃ ውስጥ ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም ቀለበት ነው። ወረቀት አውጡና ስድስቱን ካርቦኖች ከላይ ወደ ታች ቁጠሩ። አንደኛው ላይ አልዲሃይድ አለ፤ ማለትም ይህ የጫፍ ካርቦን ኦክሲጅንን በድርብ ትስስር ይዟል። የአምስተኛው ካርቦን ኦክሲጅን ዞሮ አንደኛውን ካርቦን ሲይዝ ሰንሰለቱ ይዘጋል። ቀለበቱ አምስት ካርቦንና አንድ ኦክሲጅን አለው፤ ስድስተኛው ካርቦን ውጭ ይቀራል። እኔ ተማሪ ሳለሁ ስድስተኛውንም ካርቦን ቀለበቱ ውስጥ አስገብቼ ዜሮ አግኝቻለሁ።

ቀለበቱ ሲዘጋ አንደኛው ካርቦን ላይ አዲስ ሃይድሮክሲል (የኦክሲጅንና የሃይድሮጅን ጥንድ) ይፈጠራል። በተለመደው አሳሳል ወደ ታች ካየ አልፋ፣ ወደ ላይ ካየ ቤታ ይባላል። ውኃ ውስጥ አንዱ ወደ ሌላው እየተለወጠ ቆይቶ 36 በመቶ ያህሉ አልፋ፣ 64 በመቶ ያህሉ ቤታ ሲሆን ይረጋጋል።

ፍሩክቶስስ?

የአቶሞቹ ብዛት ከግሉኮስ ጋር እኩል ነው፦ 6 ካርቦን፣ 12 ሃይድሮጅን፣ 6 ኦክሲጅን። ግን በአልዲሃይድ ፋንታ ሁለተኛው ካርቦን ላይ ኪቶን አለው፤ ድርብ ትስስር ያለው ኦክሲጅን ጫፍ ላይ ሳይሆን እዚያ ነው።

አልፋ ሆነ ቤታ ለሰውነት ምን ለውጥ ያመጣል?

ስታርችና ሴሉሎስ ሁለቱም የግሉኮስ ሰንሰለት ናቸው፤ ስታርች በአልፋ፣ ሴሉሎስ በቤታ ትስስር የተያያዘ ነው። አልፋውን አሚሌዝ የተባለ ኢንዛይም ይቆርጠዋል፤ ቤታውን የሚቆርጥ ኢንዛይም የሰው ሰውነት አይሠራም።

ዴክስትሮስና ማኒቶል ሁለቱም ስኳር ከሆኑ ሥራቸው ለምን ተለያየ?

ዴክስትሮስ ራሱ ዲ-ግሉኮስ ነው፤ 5 በመቶ የሚለው ከረጢት በሊትር 50 ግራም ይይዛል። ሴሎች ስኳሩን ሲጠቀሙበት የሚቀረው ውኃ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ደም ለፈሰሰው ሰው በደም ቦታ አይተካም። ማኒቶል ግን አልዲሃይዱ ወደ አልኮል የተለወጠ ስለሆነ እንደ ግሉኮስ ቀለበት አይሠራም። ሰውነት እንደ ምግብ አይጠቀምበትም፤ ኩላሊት አጣርቶት መልሶ ስለማይወስደው ውኃ እየሳበ ይወጣል።

ሱጋማዴክስ ስኳር ነው ይባላል። እውነት ነው?

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። ሱጋማዴክስ፣ ሮኩሮኒየም የተባለውን ጡንቻ ማላሊያ ይዞ ሥራውን የሚያቆም መድኃኒት ነው። ስምንት ግሉኮሶች በአልፋ ትስስር ተያይዘው ክብ ሲሠሩ፣ ጋማ ሳይክሎዴክስትሪን የሚባል ታች የሌለው ባልዲ ይሆናሉ። ሃይድሮክሲሎቹ ወደ ውጭ ስለሚያዩ ባልዲው ውኃ ውስጥ ይሟሟል፤ ውስጡ ግን ውኃ አይወድም። የሮኩሮኒየም ስቴሮይድ አካል የሚገባው እዚያ ውስጥ ነው። የተፈጥሮው ባልዲ ጥልቀት አልበቃ ስላለ፣ በስምንቱም ግሉኮሶች ስድስተኛ ካርቦን ላይ አሉታዊ ቻርጅ ያለው ጅራት ተቀጥሎበት ሱጋማዴክስ ሆነ። ጅራቶቹ የሮኩሮኒየምን አዎንታዊ ናይትሮጅን ይይዙታል፤ የታሰረው መድኃኒት ከነባልዲው በሽንት ይወጣል።

ታዲያ ሌላውን ጡንቻ ማላሊያ፣ ሰክሲኒልኮሊንንም ይይዘዋል?

አይይዘውም። አዎንታዊ ናይትሮጅን አለው፣ ባልዲውን የሚሞላ ስቴሮይድ አካል ግን የለውም። ሲስአትራኩሪየም የተባለው ጡንቻ ማላሊያም እንዲሁ።