ሳብታንግን በአንድ ቀን ደርሶ መልስ
ፊሊፒንስ ሰሜን ጫፍ፣ ባታነስ ውስጥ ካለችው ባስኮ ከተማ ሳብታንግ ደሴት ደርሶ በዛው ቀን መመለስ ይቻላል ወይ፣ የደሴቷ ሰዎችስ ታጋሎግ (የማኒላ አካባቢ ብሔር) ናቸው ወይ ላልከው፦ ይቻላል፣ ባህሩ ከፈቀደ ማለት ነው።

ጠዋት በጊዜ ተነስተህ በመኪና ኢቫና ወደብ ውረድ፣ ከዛ ፋሎዋ የሚሉት ጀልባ አለ፣ ግማሽ ሰዓት ምናምን ነው፣ ግን እንደሌላው የፊሊፒንስ ጀልባ ግራና ቀኝ የቀርከሃ ደጋፊ ስለሌለው ሲወዛወዝ እንዳትደነግጥ።

ሰዎቹ ኢቫታን ናቸው፣ የራሳቸው ቋንቋ አላቸው፣ ታጋሎግም ይችላሉ። ደሴቷ ላይ ያለው 6 ባራንጋይ ነው፣ ቀበሌ በለው። ሰዓት ካጠረህ ሳቪዱግና ቻቫያን ይበቁሃል፣ ለአውሎ ነፋሱ ብለው በወፍራም ድንጋይ የሰሯቸው የሳር ክዳን ቤቶች እዛ አሉልህ።

ብቻ በማግስቱ በረራ እንዳትይዝ። እኔ ይዤ ማዕበል ተነሳና ጀልባ ቀረ፣ ቲኬቴም ተቃጠለ።